ተረኛነቱ ጨዋታ ነበር፣ አባዬ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። አላህ ይዘንልህ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ። ከሥራ መልስ ሰመራ ያለችው ክፍሌ ውስጥ እቀመጥና «አባዬ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይጠፋኛል። ዛሬ ግን የመጣው ይምጣ ብዬ ልጨርሰው ነው።

የአዋሹ ቤት ተዘግቷል። ቁልፉ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ ጋ ነው፤ አልፎ አልፎ ገብተው አቧራውን ያራግፉልኛል። የተከልከው የኒም ዛፍ ጣሪያውን አልፏል። ልብስህን ለሰው ሰጥተናል። አሮጌው ጣቢያ እንዳለ ነው፤ ሐዲዱ መሃል እሾህ በቅሎበታል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ በሩቁ ያልፋል፤ ጡሩንባው ሲሰማ እትዬ ዘይነብ አንተን እያነሱ እንደሚያለቅሱ ነገሩኝ።

የምጽፍልህ ስለ ጨዋታው ነው።

ሰመራ የተቀጠርኩ ሰሞን፣ ብቸኝነቱ ሲከብደኝ፣ ስልኬ ላይ ስለ አንድ ዓይነት ጨዋታ አነበብኩ። ተጋጣሚ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። አንድ ሰው ብቻውን ዳይስ፣ ካርታና ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ይሆናል፤ መርከበኛ ወይም ሐኪም፣ የፈለገውን። ካርታ ሲገልጥ ጥያቄ ይወጣለታል፤ መልሱን እንደዚያ ሰው ሆኖ ይጽፋል። በጣም ወደድኩት። የራሴን ልሥራ አልኩና ስለማውቀው ነገር ሠራሁ፤ ስለ አንተ። ዕድሜህን ሙሉ አዋሽ ጣቢያ ተረኛ ሆነህ የባቡሮቹን መግቢያና መውጫ መዝገብ ላይ ስትጽፍ ነው የኖርከው። ስሙን «ተረኛ» አልኩት። ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ብቻውን የቀረ ሠራተኛ ነው፤ በየቀኑ አንድ ካርታ ገልጦ የሆነውን ይጽፋል።

ለአረፋ ስመጣ አሳየሁህ። መነጽርህን አደረግክና ሕጉን ከላይ እስከ ታች አነበብከው።

«ዳይሱ ስድስት ከሆነ ባቡሩ ይዘገያል ይላል» አልክ።

«አዎ።»

«ባቡር በዳይስ ነው እንዴ የሚዘገየው?»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

«በግመል ነዋ!»

እንዴት እንደሳቅን! በዚያ ከሰዓት በኋላ ግማሹን ጥያቄ አስለወጥከኝ። ሐዲድ ላይ የተኛ ግመል ገባ፤ ውሃ ፍለጋ ከፉርጎ ወርዶ ባቡሩ ጥሎት የሄደ ወታደር ገባ፤ ድሬዳዋ ስደርስ እጽፋለሁ ብላ የጠፋች ሴት ገባች። ያለ አንተ ያ ጨዋታ የሚረባ ነገር አልነበረም። ስመለስ ካርታውንና ደብተሩን ትቼልህ ሄድኩ።

ከዚያ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ እየደወልክ የሳምንቱን ታነብልኝ ጀመር። ቢሮ በረንዳ ላይ ቆሜ እሰማሃለሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ድምፅህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ጨዋታውን ኢንተርኔት ላይ ስለቅቀው ሰዎች እያተሙ ይጫወቱት ጀመር፤ አሳይታ ያለ አንድ አስተማሪ ሁለት ደብተር ሞላሁ ብሎ ጻፈልኝ። ኮራሁ።

እውነቱን ልናገር አባዬ። ጨዋታው ለእኔ ምክንያት ሆነልኝ። ከሰመራ አዋሽ በሚኒባስ ከጠዋት ተነስተው ከሰዓት የሚደርሱበት መንገድ ነው፤ ያንንም መንገድ ቀስ በቀስ ተውኩት። ለኢድ እመጣለሁ አልኩ፣ አልመጣሁም። «አባቴ ብቻውን አይደለም፣ የሚሠራው ነገር አለው» እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

አንድ ዓርብ ያለፈውን ሳምንት ገጽ ደገምክልኝ። ረስቶት ነው አልኩ። የሚቀጥለውም ዓርብ ያንኑ አነበብክ። ከዚያ እትዬ ዘይነብ ደወሉ።

«ልጄ፣ አባትሽ ያን የሥራ ኮቱን ለብሶ አሮጌው ጣቢያ ሄዶ ይቀመጣል። በዚህ ሙቀት! ና ግባ ስለው ተረኛ ነኝ ይለኛል።»

ሳቅኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። «ይተዉት እትዬ፣ እየተጫወተ ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ግን «እኔ ጨዋታ አልመሰለኝም» ብለው ዘጉት።

ማታውኑ ደወልኩልህ። አነሳህና ገና ደህና ነህ ወይ ሳልልህ «አሁን ባቡር ላስገባ ነው፣ ዝጊው» ብለህ ዘጋህብኝ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ንግግርህን ወደድኩትና አዲስ ጥያቄ አድርጌ ጨዋታው ውስጥ አስገባሁት። አንተ እየጠፋህ ነበር፤ እኔ ከአፍህ የወጣውን እየለቀምኩ ጨዋታ አሳምር ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ከጣቢያው ወጥተህ ሐዲዱን ተከትለህ ሄድክ። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ወድቀህ አገኙህ። ጤና ጣቢያ ሳያደርሱህ አለፍክ። እኔ ከሰመራ ደርሼ ከመኪና ስወርድ ሰዎች ከመቃብር ሲመለሱ አየሁ። ፊትህን አላየሁም።

ደብተርህን እትዬ ዘይነብ ናቸው የሰጡኝ። መጀመሪያው ቆንጆ ነው፤ በዚያ በሚያምር የመዝገብ ጽሕፈትህ ቀኑ፣ የወጣው ካርታ፣ የዳይሱ ቁጥር፣ ሁሉም በመስመሩ። ወደ መሃል ስደርስ ካርታ መጻፍ አቁመሃል። ከዚያ ቀኑም የለም። ከዚያ ገጽ በገጽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባቡሩ አልመጣም። የሚቀይረኝም አልመጣም።» ስንት ጊዜ እንደጻፍከው መቁጠር አልቻልኩም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደሉ እየተንጋደደ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ልጄ ጠየቅኋቸው። በሚቀጥለው ባቡር ትመጣለች አሉኝ። ልጠብቅ።»

ሐኪሙን አነጋገርኩት። የመርሳት በሽታ ነው፣ ጨዋታው ያመጣው አይደለም፣ ያለ ጨዋታውም ወደ ጣቢያው ይሄድ ነበር አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻው መስመር ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ይህ ጨዋታ ማብቂያ የለውም፤ ተጫዋቹ ሲበቃው ያቆማል» ይላል። ስጽፈው ትልቅ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ሲበቃው ማወቅ የማይችል ሰው እንዳለ አላሰብኩም።

በኋላ ማብቂያ ልሠራለት ሞከርኩ። ተረኛው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ካርታ ጻፍኩ፤ ራሴ ልጫወተው ተቀመጥኩ። ካርታውን ገለጥኩ፣ ብዕሩን ያዝኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። ወደ ማን ነው የሚሄደው? ማን ይከፍትለታል? ቀድጄ ጣልኩት። ጨዋታውን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋሁት። የአሳይታው አስተማሪ ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም። ሌላ እንድሠራም የሚጠይቁኝ አሉ። አልሠራም። ስሕተቱን የሚነግረኝ ሰው የለኝም፤ ለብቻ ተቀምጦ የሚጻፍ ነገርም አስጠልቶኛል። ይሄው ይህንንም ብቻዬን እየጻፍኩት ነው።

ይቅርታህን አልጠይቅም። ልትሰጠኝ የምትችልበት ቦታ አይደለህም፤ ሌላ ሰው አንተን ሆኖ ቢሰጠኝም አልቀበለውም። አንድ ነገር ብቻ ቃል ልግባልህ። ከማለፍህ ጥቂት ሳምንት በፊት ደውለህ፣ አፍረህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «የእናትሽ ስም ማን ነበር?» አልከኝ። ሰው አጠገቤ ስለነበር «በኋላ እደውላለሁ» አልኩህ።

ከድጃ ነበር፣ አባዬ። ከድጃ። ኮምቦልቻ ነው የተገናኛችሁት። በግራ እጇ ትጽፍ ነበር፣ አንተም በዚያ ትቀልድባት ነበር። ስትሞት እጇን የያዝከው አንተ ነህ። ከእጅህ የወደቀውን ሁሉ አንድ በአንድ እይዘዋለሁ፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ከእኔ በኋላ ግን የሚያስታውሰው ሰው የለም።

ልጅህ