የእማማ ሊን ፕለም

ሰኞ

ጉድ ሠርቻለሁ። የምንከባከባቸውን የእማማ ሊንን የፕለም ዛፍ ቆረጥኩት። ደረቀ ብዬ ነዋ! ቅጠል የለው፣ ምን የለው። እሳቸው እንቅልፍ ላይ እያሉ ጓሮውን ላሳምርላቸው ብዬ፣ አባቴ ሲዳማ ውስጥ ቡና እንደሚገርዘው ገረዝኩና ቅርንጫፎቹን የቆሻሻ ጋርቤጅ ውስጥ ከተትኩ። ሲነሱ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ መስኮቱ ጋ መጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አበባው እኮ ከቅጠሉ በፊት ነው የሚወጣው" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሎውሪ ሰፈር ያለውን ይህን ጓሮ ሟች ባለቤታቸው ናቸው በእጃቸው የሠሩት። ክብ በሩን፣ ድንጋዩን፣ ኩሬውን፣ ሁሉንም ቻይና ባደጉበት ከተማ እንዳለው የጥንት አትክልት ቦታ አድርገው። በየዓመቱ ፕለሙ ሲፈነዳ ሁለቱ ሥሩ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። አሁን ቤቱ ተሸጧል፤ ቅዳሜ ልጃቸው መጥቶ ሲያትል ይወስዳቸዋል። አንዲት አበባ አይቼ ልሂድ ነበር የሚሉት። እኔ ደግሞ መቀስ ይዤ!

ማክሰኞ

የጋርቤጅ መኪናው ሳይመጣ ደርሼ ቅርንጫፎቹን አወጣኋቸው። ጎረቤትየው ውሻውን ይዞ ቆሞ አየኝ። ይየኝ! እማማ ሊን ሳቁ። በአገራቸው ለአዲስ ዓመት ፕለም ተቆርጦ ቤት ውስጥ እንዲያብብ ይደረጋል አሉ። ጫፉን ቀጥቅጪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው አሉኝ። ባልዲ ውስጥ አድርጌ አልጋቸው አጠገብ አቆምኩት። ለቅዳሜ ይደርሳል ወይ ብላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለሳሮን ብነግራት፣ "ኦ ማም፣ ዩ ኪልድ ኢት?" ገደልሽው ወይ ትለኛለች፤ ማጽናናት እንኳ አታውቅ!

ረቡዕ

ትናንት በቲሸርት፣ ዛሬ በረዶ። ኮሎራዶ! ዛፉ ላይ ቀርተው የነበሩት እምቡጦች ጠቁረዋል። እንኳን ቆረጥኩት አልልም። በልቤ ግን ትንሽ ብዬዋለሁ።

ሐሙስ

ባልዲው ያው ነው። ቀርከሃ፣ ጥድና ፕለም ብርድ የማይፈሩ ሦስት ጓደኛሞች ናቸው ብለው እማማ ሊን አስተማሩኝ። አንቺ አራተኛዋ ነሽ አሉኝና ደነገጡ። አራት በእነሱ ዘንድ የሞት ቁጥር ነው ለካ። ትንሽ አሰቡና፣ "ግዴለም፣ እኔ አምስተኛ እሆናለሁ" አሉ። ጌታዬ፣ እንዴት አድርጌ ነው የምለያቸው?

ቅዳሜ

አላበበም። አንዱ እምቡጥ ጫፉ ላይ ነጣ ብሏል፣ በቃ። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። የመኪናውን ማሞቂያ ሄተር ለቅቄ፣ እሳቸው ቅርንጫፉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መንገዱን ሁሉ እያየነው ሄድን። ምንም። ልጃቸው ሻንጣ ሲያወርድ ቅርንጫፉን መልሰው ሰጡኝ። ሲፈነዳ ደውይልኝ አሉኝ። አቅፌያቸው አለቀስኩ፤ አላለቅስም ብዬ ምዬ ነበር። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ቤቴ እስክደርስ ሄተሩን አላጠፋሁትም።

እሑድ

ለቸርች ስለባበስ ሳሮን ከኪችን ጮኸች፦ "ማም! ኢትስ ኦፕን!" አንዲት አበባ ፈንድታለች። ነጭ፣ ጥፍሬን የምታክል። ጫማ ሳላደርግ በቫይበር ቪዲዮ ደወልኩ። እማማ ሊን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩዋት። ከዚያ "ቆይ" አሉና ጠፉ። ሻይ ይዘው ተመለሱ። "የአንቺስ?" አሉኝ። ቀዳሁ። እሳቸው እንደሚወዱት፣ ያለ ስኳር። እኔ እኮ ያለ ሦስት ማንኪያ አልጠጣም! ሁለታችንም አበባዋን እያየን ጠጣን።

ቸርች ስንደርስ መዝሙሩ አልቆ ነበር።