አንደኛ የወጣችው በርጩማ

ለክብርት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ያ በየማለዳው የሚወለወለው የቢሮዎ መስታወት እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ የግቢዎ አናጺና የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። አልተናደድኩም፤ ማልቀሱም አልመጣልኝም፤ እንደው ውስጤ ደንዝዟል። ጣትን በመዶሻ ሲመቱት መጀመሪያ ላይ አያምም፣ እንደዚያ ነው።

ልጆች በምናባቸው ፈጥረው፣ በእጃቸው ነካክተው ይማሩበታል ተብሎ ይህ ግቢ ሲታነጽ፣ የመሥሪያ ጠረጴዛዎቹን በልጅ ወገብ ልክ ዝቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ጽዳቱ አመሰግናለሁ። የልጆቹ መጫወቻ አሸዋ በሸራ ተሸፍኗል፤ የእንጨት ሥራው ክፍል «እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል» ተብሎ ተቆልፏል። ልጆቹም በመስኮት እያዩ የመዶሻ ሥዕል በደብተራቸው ገልብጠዋል። ልጄ ከአሥር ዘጠኝ አግኝታለች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. የእጅ ሥራ መምህሯ እርስዎን ሳያስፈቅዱ ክፍሉን ለሦስት ሳምንት ከፍተውት ነበር። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀው ልጄ በርጩማ ሠራች። ፀጉሯ ሰጋቱራ ለብሶ ቤት ትገባና ስለ መጋዝ፣ ስለ ሚስማር ስታወራ፣ እናቷ «ኧረ በሞቴ፣ መጀመሪያ ጉረሺ!» እስክትላት ድረስ አፏ አይዘጋም ነበር። እርስዎ ግን እንግዶች የሚመጡበት የልጆች የእጅ ሥራ ውድድር ቀን ሲቃረብ በርጩማዋን አይተው፣ አንድ እግሯ ስላጠረ «ይቺማ ታሳፍረናለች» ብለው ወደ ማገዶው ክምር አስጣሏት። ልጄ ቆማ እያየች ነበር። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ቀጥለው እኔን አስጠርተው፣ «የልጅ እጅ የሠራው የሚመስል፣ ግን የሚያምር» አሥራ ሁለት ዕቃ አዘዙኝ። እኔም እሺ አልኩ። ጥፋቱን ብቻዎን እንዲሸከሙ አልፈልግም፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ከእርስዎ በፊት አጣምሜ እንድሠራ ያዘዘኝ የለም፤ ጥመቱን በሜትር ለካሁት። እንግዶቹ እጃቸውን ባፋቸው ጫኑ፣ ዳኞቹም ከአሥራ ሁለቱ መካከል እኔ ለሠራኋት በርጩማ አንደኛነትን ሰጡ። ሽልማቱን የሚቀበል ልጅ ስላስፈለገ ልጄን ጠሩ።

እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ልጄ ተሸላሚዋን በርጩማ ገለበጠችና ከሥሯ በጣቷ ዳበሰቻት። ማንም የማያየውን የሥር ገጽ እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ሳላለሰልስ አልተውም፤ ይህን አመሌን ከእርስዎ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ሰርተፍኬቱን ተቀብላ፣ እጅ ነሥታ ወረደች። ቤት ስንደርስ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ያንተ ነው» አለችኝ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ በዕድሜዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰርተፍኬት ስለሆነ ለዚህም ባለውለታዬ ነዎት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ መዶሻ አልነካችም። ነይ እስኪ ያዢልኝ ስላት፣ «አንተ ትሠራው የለ» ትለኛለች።

ሰርተፍኬቱን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ እንግዳ ሳይመጣም ይከፈት።

መስታወትዎን አቧራ፣ ቁልፍዎን ዝገት አይንካው እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የግቢው አናጺ፣
በዘንድሮው የልጆች የእጅ ሥራ ውድድር አንደኛ የወጣሁት

ማስታወሻ፦ ከማገዶው የተጣለችውን በርጩማ ዘበኛው አውጥቶ ሰጥቶኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሷ ላይ ተቀምጬ ነው። ትንሽ ትነቀነቃለች እንጂ ትችለኛለች። በመስታወት ሣጥን ያስቀመጧት ተሸላሚዋ በርጩማ ግን አንድ እግሯ በኮላ ብቻ ነው የተጣበቀው፤ ያዘዙኝ ለመታየት እንጂ ለመቀመጫ አልነበረምና። አደራ፣ እንዳይቀመጡባት።