እስኪነሣ ድረስ

ብልባላ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለይማርሽ ደባሱ፣ ጣሊያን አገር

እንደምን ከርመሻል? እስከ ዛሬ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ ሰው ነው የጻፈልኝ፤ ይኸኛው የገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቱን ከሠላሳ ሰው አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ጎረቤታችን ደሳለ ነው፤ እሱም ከኔ ገልብጦ። መምህርት ሰብሌ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ቶሎ አንብቢው፤ መኪናው ሐሙስ ጧት ነው የሚመጣው።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልንገርሽ። የላክሽው ሰውዬ ወረቀት ይዞ መጣና፣ «አባባ፣ አውራ ጣትዎን» ብሎ ቀለም ዘረጋልኝ። ለደባሱ አውራ ጣት! ብዕሩን ቀማሁትና ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩለት። ለእናትሽ እልካለሁ ያልሽው የዊልቸር ወረቀት መስሎኝ ነበር። ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። «ባለቤቴ ወይዘሮ ሸጌ ከሐሙስ ኅዳር 11 ጀምሮ በከተማው የአረጋውያን ማዕከል እንዲኖሩ ተስማምቻለሁ» ይላል።

ለእናትሽ ሳነብላት ግማሽ ፊቷ አለቀሰ፤ በሽታው የያዘው ግማሹ ዝም አለ። «አንተ፣ ፊደል የቆጠርከው እኔን ለመሸኘት ነው?» አለችኝ።

ያንቺም ጭንቀት ገብቶኛል። ደብዳቤሽን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። እዚያ ማዘጋጃ ቤቱ አንቺን በየቤቱ ይልካል፤ ታጥቢያለሽ፣ ታገላብጫለሽ፤ አዛውንቱ ሲወድቁ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይጣራሉ። ጓደኛሽ ያለችበት ጃፓን ደግሞ ጧት በመኪና ሰብስበው፣ አብልተው አጫውተው፣ ማታ ወደየቤታቸው ይመልሷቸዋል። «እማዬ ማን አላት?» ብለሻል። እውነት ነው፣ ማተቧን ብትጫነው አይጮህም። የአምስት ሰው ጉልበት አለኝ ብዬሽም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሳነሣት አብረን ወደቅን። «እስክስታ ነው» አልኳት፤ ሳቀች። ደሳለ መጥቶ እስኪያነሣን ድረስ መሬት ላይ ብዙ ቆየን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ፣ «ሸጌን ለማስታመም ተራ ግቡልኝ» አልኩ።

የቅሬው ዳኛ አያ ቢተው፣ «ቅሬ የምንቀባበርበት ነው። ሸጌ መች ሞተች?» አሉ።

«ደባሱ፣ ትንሽ ታገስ እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«ደንቡ ይነበብ!» አልኩ። አያ ቢተው ደንቡን በቃል ነው የሚያውቁት። አሮጌው ደብተር ከሣጥን ወጣ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩ፦ «ሰው የወደቀበት ቤት፣ የወደቀው እስኪነሣ ድረስ፣ ቅሬው በተራ ከደጁ አይጥፋ።»

«እኮ! የሞተ ማለት ነው፤ ሬሳው እስኪነሣ» አሉ አያ ቢተው።

«የሞተ የሚል ቃል ያሳዩኝ። ወ፣ ደ፣ ቀ ነው የተጻፈው። ሸጌም ወድቃለች።»

መምህርት ሰብሌን ከደጅ አስጠርተው አስነበቧት። ያንኑ ቃል አነበበች፤ ከኔ ፈጠን ብላ፣ ትንሽ ብቻ።

አያ ቢተው ደብተሩን ከደኑና፣ ቀስ ብለው፣ «ባትነሣስ?» አሉኝ።

ይማርሽ፣ እኔ አባትሽ ቀልድ አጣሁ። «ያን ጊዜማ እናንተው ታነሷታላችሁ» አልኩ። «በርስዎም ፍቺ በኔም ፍቺ ቅሬው ከደጄ አይጠፋም።»

ማንም አልሳቀም። «ይጻፍ» አሉ አያ ቢተው።

ከትናንት ጀምሮ ተራ ተገብቷል። ዛሬ የነወለላ ነው። ያንቺ ጣሊያን አንዲት ይማርሽን ለስድስት አዛውንት ታካፍላለች፤ ብልባላ ሃያ ሁለት ቤት ለአንዲት ሸጌ ሰጥታለች። ልባቸው ሙሉ ነው፤ አያያዙን ግን አያውቁትም፤ ትናንት ሲያነሷት ክንዷን ጎትተው አሳመሟት። አንቺ የምታውቂውን ጻፊልን፣ በቅሬው ፊት አነበዋለሁ። ለሰውዬው ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪና «አባቴ ሳያነብ ነው የፈረመው» በዪው። ለሌላ ሰው ግን እንዳታወሪው።

የላሊበላ አምላክ ጉልበት ይስጥሽ፤ የሰው እናት የምታነሺበት እጅሽ አይዛል።

አባትሽ ደባሱ (በገዛ እጄ)

ከታች ያለው አውራ ጣት የእናትሽ ነው። ሙሉውን አንብቤላት ነው ያተመችው። «ባትነሣስ» የሚለው ጋ ስደርስ ልዘለው ነበር፤ «አንብበው» አለችኝ።