ሐዘን አይደለም፣ ባትሪው ነው አሉኝ

አስካልዬ፣ የልጆቼ እናት፤

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላው ነው። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ከዚህ ይሻላል። እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን አልማዝ ትጽፋለች። ላሳምረው ስትል ተይ ብያታለሁ።

በራችን ላይ ስትረግሚው የኖርሽው ጭቃ ኮብልስቶን ለብሷል። ዶሮዎችሽ አልቀዋል። ዛሬ የምነግርሽ ግን ሌላ ነው። ደንግጫለሁ፣ አስካል።

አንቺን ቀብሬ ከተመለስኩ ወዲህ እግሬ ያብጣል። ጓሮ ደርሼ ስመለስ ትንፋሼ ይቆረጣል። ጋደም ካልኩ ያፍነኛል፤ ትራስ ደራርቤ ነው የምተኛው። ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘን ነው አለ። ጎረቤታችን ዘይነባ ሳትቀር «ሰብር ያድርጉ፣ ይቻሉት ጋሼ፣ ሐዘኑ እግርዎ ላይ ወርዶ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ኮርቼበትም ነበር፤ ሚስቱን ተከትሎ ሄደ ይባልልኝ ብዬ። ሐኪም ቤት ሲሉኝ፣ ሐዘንን ማን ያክማል ብዬ አባረርኳቸው።

አልማዝ ግን ጎትታ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ደረቴን ቅባት ለቅልቆ ልቤን በቴሌቪዥን አየው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አባባ፣ ይሄ ሐዘን አይደለም፣ ልብዎ ደክሟል፤ ያደከመውም ደረትዎ ውስጥ ያለው የልብ ባትሪ ነው!

ያቺው ባትሪ፣ አስካል! የልቤ ምት ሲዘገይብኝ አዲስ አበባ ድረስ ወስደሽ ያስገባሽልኝ። እንዳይነካት ብለሽ ሞባይሌን ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ የምታዞሪላት። ክው አልኩ። ያኖረችኝን ነው ወይ የምትከሳት ብዬ ጮህኩበት።

አልተቆጣም። እሷ ባትኖር ያኔውኑ ሞተው ነበር አለኝ። ግን ሽቦዋ የምትቀሰቅሰው የልብዎን ቀኝ ጎን ነው፤ ግራው ዘግይቶ ይከተላል፤ እንዲህ ሲኖር ይዝላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ እርስዎ ላይ ደረሰ አለ። ገባኝ። ሊሙ ገነት የጫኝ አለቃ ሳለሁ፣ የቡና ጆንያ ለሁለት ሲያነሱ አንዱ ከቀደመ የሌላው ወገብ ነበር የሚሰበረው። አሁን ለግራው ተጨማሪ ሽቦ ያላት ሌላ ባትሪ ትግባልዎ፣ ቶሎ አዲስ አበባ ይሂዱ ይላል። ሊሻልዎ ይችላል አለ እንጂ አልማለልኝም።

የፈራሁት ቢላውን አይደለም። ያንቺ ሐዘን ነው ብዬ የተሸከምኩት የሽቦ ጣጣ ከሆነ፣ እኔ አላዘንኩልሽም ማለት ነው? እብጠቴ ጎድሎ ቀጥ ብዬ ስራመድ ያየ ሰው ረሳት አይልም? ይሄን ስናገር አልማዝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ጻፊ አልኳት።

ቆርጫለሁ፣ እሄዳለሁ። ሙት ዓመትሽ ላይ አልገኝ ይሆናል፤ ሰው የፈለገውን ያውራ። ሐኪሙ የሱን ድርሻ ይውሰድ፤ እብጠቱንም፣ የትንፋሼን ማጠርም። ድኜ፣ እንደ ሰው በጀርባዬ ተኝቼ፣ እጄን ወደ ጎንሽ ሰድጄ ባዶ ሳገኘው የሚወጋኝ ነገር ግን ያንቺ ነው። እሱን እስክሞት ይዤው እኖራለሁ፤ ማንም ሐኪም እንዲነካብኝ አልፈቅድም።

ባልሽ፣ ደምሴ