ሁለቱ ራኬቶችና የመጋረጃው ብረት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ትከሻዎስ እንዴት ነው? ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያሉ በግራ እጅዎ ነው መጋዝ የሚጎትቱት? እናቴ በስልክ ሹክ ብላኛለችና አይሸሽጉኝ። የእሷስ ዓይን ተሻላት? ያ ለሙሽሮቹ የጀመሩት ቁም ሳጥን አልቆ ወጣ፣ ወይስ በሩ አልገጥም ብሎ ዛሬም ያስቸግርዎታል? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። እታለምም ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች፣ ይህን መጻፌን ግን እንዳትሰማ።

ራኬቶቹ ደርሰውናል። መልእክተኛው አደራ አዋቂ ነው፤ እናቴ በአሮጌ ብርድ ልብስ እንደጠቀለለቻቸው፣ ቋጠሮው ሳይፈታ አስረከበን። ፈተን ብናይ ሁለቱም እስከ ቀለማቸው አንድ ናቸው። እታለም ሳቋ አመለጣት። «አባባ ዛሬም እንዳንጣላ ይፈራሉ» አለች። ልጆች ሳለን አንድ ዓይነት ጫማ ይገዙልን የነበረው ትዝ ብሏት ነው፤ ለእሷ ልክ ሲሆን እኔ እንደ ጀልባ እየጎተትኩት የምሄደው።

በስልክ «ለጥንድ ጨዋታ ይሆኑ እንደሆነ ሞክሪያቸውና ሳታባብዪኝ ንገሪኝ» ብለውኝ ነበር። እሺ፣ ሳላባብልዎ ልንገርዎ። ነገሩም ቀልድ አልነበረም። በዚህ በመጋረጃ ፋብሪካችን የባድሜንተን ውድድር ላይ የእኛ የስፌት ክፍል አራት ዓመት ሙሉ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚሸኘው። ዘንድሮ እኔና እታለም ስናስመዘግብ የቆረጣ ክፍሎቹ ሁለት ረጃጅም ሴቶች፣ «መቀሶቹ» የምንላቸው፣ «እነዚህማ መጋረጃ ናቸው፤ ነፋስ ይበቃቸዋል» አሉን። ያውም ፊት ለፊታችን።

እርስዎ ሱቅ ውስጥ የነበረውን ራኬት ሁሉ አስወርደው፣ እንደ መዶሻ እየወዘወዙ፣ «አናቱ የማይከብድ ነገር አይመታም» ብለው እንደመረጧቸው እናቴ ነግራኛለች። ባለሱቁ እስካሁን ሲያወራልዎ ይሆናል። ለእታለም ምርጫዎ እንከን የለውም። እሷ ከኋላ ቆማ ቁልቁል የምትመታ ናት፤ ክንዷም ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስትተኩስ ከካውያ ጋር ሲታገል የሚውል ነው። ያቺን ላባ ያላት ኳስ ከላይ ስታገኛት፣ አናቱ የከበደው ራኬት ክንዷን ተከትሎ ሲወርድ ኳሷ እንደ ምስማር ነው የምትተከለው። ክሩ አልላላም። አንድ ኳስ ተሻምተን ራኬቶቻችን ቀጭ ብለው ሲጋጩ እንኳ ቀለሙ ተጫረ እንጂ ጠርዙ አልተጣመመም።

ለእኔ ግን፣ አባባ፣ አልሆነም። እኔ የምቆመው መረቡ ሥር ነው። እዚያ ጉልበት ምን ያደርጋል? ኳሷ ዓይን ሳይርገበገብ መጥታ ታልፋለች፤ ራኬቱ ቶሎ ከደረት ፊት ካልተገኘ አለቀ። የእርስዎ ራኬት አናቱ እየጎተተው፣ ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያው ግጥሚያ አገጬን ሳመችኝ። ይባስ ብሎ የያዝኩት ለኃይለኛ ምት የተሠራ ነውና እኔንም መምታት አማረኝ፤ ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ፣ መረቡ ሥር ባዶ ይቀራል። ለጥቂት ነው ያለፍነው። እታለም ላቧን እየጠረገች «አንቺ ልጅ፣ ሁለታችንም ጣራ ላይ ወጥተን በሩን ማን ይጠብቅ?» አለችኝ። አሮጌውን ቀላል ራኬት እንድይዝም መከረችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን የእርስዎን ስጦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥዬ ልጫወት? ሆዴ እምቢ አለ።

በነጋታው ስፌት ላይ ተቀምጬ ያ መስታወት ትዝ አለኝ። እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ልረዳ ብዬ፣ ለመስታወት ክፈፍ ያስቀመጧትን ትንሿን መዶሻ ትቼ በትልቁ ያደቀቅኩት። አልመቱኝም። «መዶሻው ምን አደረገ? ለሥራው የማይሆነውን ያነሳችው እጅ ናት» ነው ያሉኝ። ሁለት ዓይነት መዶሻ ያለው ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ራኬት ሁለት ይልካል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። በእጄ የያዝኩት ደግሞ ምን መሰለዎት? መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ከግርጌው እጥፋት ውስጥ የምንሰፋቸው፣ ጥፍር የሚያካክሉ ብረቶች። አናቱን ማቅለል ካልቻልኩ ግርጌውን ባከብደውስ?

የእጀታውን ጥቅል ፈታሁ። እርስዎ እንዳሳዩኝ በአንድ ጣቴ ላይ አጋድሜ ሚዛኑን አየሁ። ሁለት ብረት ብጨምር አሁንም ወደ አናቱ ያዘነብላል፤ አራት ሳደርግ እጅ ያዝላል፤ በሦስት ቀጥ አለ። በወፍራም ገበር ጠቅልዬ ሰፋሁት። እታለም አይታ «ራኬቱን አስረገዝሽው» አለች። የሚወልደውን ታያለሽ አልኳት።

ለመጨረሻው ግጥሚያ የደረሱን እነማን ይመስልዎታል? መቀሶቹ። ዳኛው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ራኬቴን አገላብጦ አየና የሚከለክል ደንብ ቢያጣ መለሰልኝ። አንዱን ዙር እኛ ወሰድን፣ አንዱን እነሱ። በሦስተኛው ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ እየመራን፣ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ሲቀረን፣ እታለም ከኋላ ደጋግማ ቁልቁል መታችባቸው፤ እነሱም ደጋግመው መለሱ። በመጨረሻ አንደኛዋ መቀስ ኳሷን ደረቴ ላይ ለቀቀችብኝ። ራኬቱ ሳላዘው ተነሳ። ነካ ብቻ ነው ያደረግኳት፤ መረቡን ተሻግራ በሁለቱ መካከል ጠብ አለች። መቀሶቹ ተያዩ። ሁለቱም የጓደኛዬ ናት ብለው ትተዋት ነበር።

የስፌት ክፍሉ ጩኸት እርስዎ ዘንድ ሳይሰማ አልቀረም። አለቃችን፣ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቀው ሴትዮ፣ ራኬቱን ተቀብላ ወዘወዘችና ማን እንዳስተካከለው ጠየቀች። የአናጺ ልጅ ናት አልኳት። በማግሥቱ የራሷን ይዛልኝ መጣች። መቀሶቹም ጥቂት ቀን አኩርፈውን ሲያበቁ መጡ። ይህን ስጽፍ አልጋዬ ሥር አምስት ራኬት ተራውን ይጠብቃል።

እንግዲህ ራኬቱ ደግ ዕቃ ነው፤ ለጥንድ ጨዋታ ግን መንታ አይሆንም። ከእንግዲህ ለእኔና ለእታለም ሁለት ሲገዙ አንድ ዓይነት አይግዙ። አንድ ዓይነት ስላልሆንን ነው ያሸነፍነው። አንጣላም፣ አይፍሩ።

እናቴን ዓይኗን ይሳሙልኝ። አክስቴን ስለ ማሸነፋችን ከማንም በፊት ይንገሯት፤ ለሰፈሩ የማድረሱን ነገር እሷ ታውቅበታለች። አብሮዎት ለሚሠራው ባለመላጊያም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ከባዱን እንጨት እሱ ያንሳልዎት። እታለም ጉልበትዎን ስማለች።

ፖስታው ውስጥ አንዲት ብረት አለች። አራተኛዋ፣ የተረፈችው ናት። በመዳፍዎ ይመዝኗትና ሥራዬ እንዴት እንደሆነ፣ እርስዎም ሳያባብሉኝ ይጻፉልኝ።

ታናሺቱ ልጅዎ

ከፋብሪካው ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ሰኔ 14 ቀን