«ኮቱ» ያለው እንግዳ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ዓለም ጤና አካባቢ ሽንኩርቱን በሽታ መታው ሲባል ሰምቼ የእናንተን ማሳ ሳስብ ሰነበትኩ። ሜቲ እህቴስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም እንዳለ ግን አልደብቅዎትም። ይህን ወረቀት ሜቲ ብቻ ታንብብልዎ፤ በሩን ዘግታ። በስልክ ያልነገርኩዎት ጉደታ ከአጠገቤ ስለማይለይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አዳማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቼዝ ተጫወትኩ። ልጅዎ ቀልቤሳ ወንጂ ሳለን ያስተማረኝን ጨዋታ ከመርዶው በኋላም አልተውኩትም። እርስዎ «ሬሳውን ሳላይ ጥቁር አልለብስም» እንዳሉት፣ እኔም ሰሌዳውን ማጠፍ አቅቶኝ ነው የኖርኩት። ከውጭ የመጣ፣ ግራንድ ማስተር የሚሉት የቼዝ ሊቅ፣ ሸምገል ያለ ረጅም ሰው፣ ብቻውን ከሁላችንም ጋር በአንድ ጊዜ ሊጫወት ነው ተባለና የክበባችን ሰዎች ስሜን አስገቡት። እኛ በረድፍ ተቀመጥን፤ እሱ በየጠረጴዛው እየዞረ አንድ ጊዜ ይጫወትና ያልፋል።

እንደ ልማዴ ሁለቱን ፈረሶቼን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙሬ አስቀመጥኩ። ቀልቤሳ «ፈረስ ጌታውን ካላየ ይጠፋል» እያለ ሲያዞራቸው እርስዎም ስቀውበታል። እንግዳው መጀመሪያ ሲያልፍ ልብ አላለም። ሲመለስ ግን ፈረሶቹን አይቶ ቆመ። ቀጥሎ ፊቴን አየ። እናቴ፣ ሰው ሰውን እንደዚያ አያይም።

ውጭ አቧራ የያዘ ነፋስ ተነሥቶ መስኮቱን ይደበድባል፤ አዳራሹ በቀትር ጨለምለም አለ። ሰውየው ሌሎቹ ጋ ሳይቆም ያልፋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ እግሩ የሚያዝበት ይመስላል። በመጨረሻ የራሱን ፈረስ አነሣና ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ኮቱ» አለ።

በቀልቤሳ አጠራር! መጨረሻውን ሳብ አድርጎ፣ ከማሳ ማዶ ሰው እንደሚጣራ። ቀልቤሳ ፈረስ ባነሣ ቁጥር የሚላትን።

አስተርጓሚዋ፣ ሀዊ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሳቅ ብላ ኦሮምኛ ከየት ተማሩ አለችው። ቋንቋ መሆኑንም አላወቅሁ አለ። አምና ደቡብ አፍሪካ፣ በባሕር ጠረፍ ያለች ከተማ ውስጥ እንዲሁ ከብዙ ሰው ጋር ሲጫወት፣ ፈረሶቹን ወደ ራሱ የሚያዞር አንድ ኢትዮጵያዊ ገጥሞት ኖሯል። ያ ሰው ፈረስ ባነሣ ቁጥር «ኮቱ» ይላል። እንግዳው የፈረሱ ስም መስሎት እንደነበር ነገራት። ሀዊ «ና ማለት እኮ ነው» አለችው።

አምና ነው የሚለው፣ እናቴ። ጉደታ «አብረን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንሄድ ማላዊ ጫካ ውስጥ ሞተ፤ በእጄ ቀበርኩት» ብሎ መርዶውን ይዞልን ከመጣ ሦስት ዓመት አለፈው።

ያ ኢትዮጵያዊ ምን ይመስላል ብዬ አስጠየቅሁ። የግራ ትንሽ ጣቱ ጫፍ የለውም አለ። በልጅነቱ ሣር ሲያጭድ ያጣትን፣ እርስዎ ራስዎ በነጠላዎ ጫፍ ያሰሩለትን ጣት።

የቀረውን ሀዊ ልትነግረኝ አመነታች። ለመንኳት። ያ ሰው ከጨዋታው በኋላ፣ «ፈረስን እንዲህ የሚያስቀምጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ሚስቴ ነበረች፤ ማረፏን ወደ አገር የተመለሰ ጓደኛዬ ደውሎ አረዳኝ» ብሎታል። ሽማግሌው ይህን ሲያስተረጉም ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። እጁን ዘርግቶ በጣቱ የእጄን ጀርባ ነካ አደረገኝ። ሙቀት እንዳለው ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን አላየሁትም፤ እጄ ብቻ ነበር የሚጫወተው። በሕይወት ተቀምጬ የራሴን መርዶ ሰማሁ።

ታዲያ ለምን ለእናቱ አልደወለም ይሉኝ ይሆናል። እኔም ስል አደርኩ። የሜቲን ስልክ «ላሠራላችሁ» ብሎ ወስዶ በአዲስ ቁጥር የመለሰላችሁን፣ እኔንም «ትዝታው ይጎዳሻል» ብሎ ከወንጂ አውጥቶ ቁጥሬን ያስለወጠኝን ሰው ያስታውሱት። ሌላ ምንም አልልም።

ጉደታ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ፣ ሽማግሌው ምን ሲልሽ ነበር አለኝ። ስለ አጨዋወቴ ነው አልኩት። እጄን ያዘና «ምነው እንዲህ በረድሽ?» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሰርጋችን ለምን እስከ ግንቦት ይቆያል፣ ከፋሲካ ማግስት እናድርገው አለ። እሺ አልኩት።

እናቴ፣ ይህ እንደደረስዎ «በጣም አሞኛል፣ ትምጣልኝ» ብለው ያስደውሉ። የከተማዋን ስም ሀዊ ነግራኛለች፤ ከሜቲ ጋር ሆነን እናፈላልጋለን። ጉደታ ካልተከተልኩሽ ብሎ አብሮኝ ቢመጣ እንደ ወትሮው ይሳሙት፤ እንደ ወትሮው ይመርቁት። ፊትዎ ላይ ምንም እንዳያይ አደራ።

ፈጣሪ ዓይንዎ የናፈቀውን ሳያሳይ አይውሰድዎ። ቤትዎን ይጠብቅልኝ።

የልጅዎ ሚስት