በየቡ የሌለው ማሳ

ውድ ልጄ አሞጽ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም መጻፍ የተማርኩት ላንተ ልጽፍ ብዬ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሠኝ።

በመሠረተ ትምህርቱ ያስተማረን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሹም ሣህሉ ነው፤ አንተን ከቤት ይዞህ የወጣው ሰው። መጀመሪያ ቀን እርሳሱን ሲሰጠኝ ጣቱ ጣቴን ነካኝና ቤት ገብቼ እጄን በአመድ ፈተግኩት። ግን በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። ተመልሼ መሄዴም ያስጠላኛል።

የዚያን ቀን ጧት ላንተ ካቀረብኩት ጨጨብሳ እየጎረሰ ነበር ዕቃህን የፈተሸው። ሥዕልህን ከመጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ ሲያወጣ ቅቤው ከጣቱ ወደ ወረቀቱ ሲዛመት አያለሁ። ከሚሲዮኖቹ መጽሔት አይተህ የሣልከው የጨረቃ ጉድጓድ ነበር። ያን ሰሞን እሱን እያሳየህ መቀመጫ ነስተኸኝ ነበር።

"ድንጋይ ከሰማይ መጥቶ ሲመታት ነው፣ እማዬ። አፈሩ ዙሪያውን ተቆልሎ ጠርዝ ይሆናል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይናድና ደረጃ ደረጃ ይሠራል። የተመታው ወለል ደግሞ መልሶ ይነሣና መሃሉ ላይ ተራራ ይሆናል። እነዚህ መስመሮች ወደ ውጭ የተረጨው አፈር ናቸው።"

"ጨረቃን እንዲህ ፈንጣጣ የበላው ፊት አደረግካት?" ስልህ፣ "እኔ ምን አደረግኩ፣ ጌታን ጠይቂው" ብለህ ሳቅክብኝ።

አንተን ደጅ አስቁመውህ ሳለ ሣህሉ "ይሄ የምን ካርታ ነው?" አለኝ። ጨረቃ ነው ልለው ነበር። አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ወጡ የሚባለው ትዝ አለኝ። ጴንጤ በመሆናችን ብቻ የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኞች ይሉን ነበር፤ ጨረቃ ካልኩት አሜሪካንን ቤቴ ያስገባሁ መሰለኝ።

"የቡና ማሳ ነው" አልኩት።

"ዙሪያውን ያለውስ?"

"አጥር።"

"ይሄ ደረጃ ደረጃው?"

"እርከን ነው።"

"መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ?"

"ቡና የሚሰጣበት።"

"መስመሮቹስ?"

"ለቃሚ የሚሄድበት መንገድ።"

አፌ እንዴት እንደዚያ እንደፈጠነ አላውቅም። "የማን ማሳ ነው?" ሲለኝ፣ ከጂማ ወጣ ብሎ የቡ ላይ መሬት የነበረው የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የጓደኛህ የቲጃኒ ሟች አባት። ስሙን ጠራሁ።

የቡ ሄደው ፈለጉ። እንዲህ ያለ ማሳ ከየት ይምጣ። ሲያጡት መሣሪያ የተቀበረበት ቦታ ነው፣ ደብቀውታል አሉ። ከወሰዱህ በሳምንቱ ገደሉህ፤ እንዳላለቅስም ተከለከልኩ። መሬቱ የአባትህ ነው ብለው የያዙት ቲጃኒም ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እስር ቤት ነው።

እናቱ ዘይቡ በየቀኑ ስንቅ ስትወስድለት የምሳ ዕቃዋን እይዝላት ነበር። "አላህ ይስጥሽ" ባለችኝ ቁጥር የገዛ ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ሻገተ ነገር ይሆንብኛል።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰልፈን ሳለ፣ ሥዕሉ ጨረቃ እንደነበር፣ ማሳውንም እኔ እንደፈጠርኩት ነገርኳት።

"ጨረቃን?" አለችኝ።

"አዎ።"

"የባሌን መሬት ጨረቃ አደረግሽው።"

የምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለችኝና እግሬ ሥር ምራቋን ተፋች። አልፈረድኩባትም። ስንቁን አስገብታ ስትመለስ ግን፣ "ቅደሚ። ለዚያ ሰውዬ አሁኑኑ ትነግሪዋለሽ፤ እኔም ቆሜ እሰማለሁ" አለችኝ።

ቀበሌ ሄጄ ስነግረው ሣህሉ ሳቀ። "ታዲያ ተምረሽ የለ፣ እማማ ተስፋነሽ፣ ጻፊዋ" ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ጠርዙን፣ ደረጃውን፣ የመሃሉን ተራራ፣ የተረጨውን አፈር፣ አንተ እንደነገርከኝ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ማሳ የለም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። እሱም አንብቦ ሲጨርስ፣ "የእጅ ጽሑፍሽ አምሯል፤ ለጀማሪዎች ማሳያ ይሆናል" አለና መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ቲጃኒ አልተፈታም። ትናንት ሌላ ጽፌ ለአውራጃው ወሰድኩ። ዘይቡ አብራኝ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ከእኔ ርቃ ተራመደች። በሩ ላይ ስንደርስ ግን የነጠላዬን ጫፍ ጭቃ ነክቶት አይታ፣ "አራግፊው፣ እንዲህ ሆነሽ አይሰሙሽም" አለችኝ።

መሳቢያቸው እስኪሞላ እጽፋለሁ፣ ልጄ። ላንተ የምጽፈው ግን ለጊዜው ይኸ ብቻ ነው። ቲጃኒ እስኪወጣ ድረስ የቀረኝ ወረቀት የእሱ ነው።

የዋሸችብህ እናትህ
ተስፋነሽ
ጂማ፣ ግንቦት 1972